ያው ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ሥራ አጥነት፦ ላስ ቬጋስ በ2010 እና በ2020

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሥራ አጥነት በደፈናው ከምናወራ አንድ ከተማ ይዘን ብናይ ይሻላል ብዬ ላስ ቬጋስን መርጫለሁ። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት ከተማ ነው፤ ታክሲ የሚነዳው፣ የሆቴል ክፍል የሚያጸዳው፣ ካዚኖ (ቁማር ቤት) ውስጥ ዲለር፣ ማለት ካርታ አከፋፋይ፣ ሆኖ የሚያድረው ብዙ ነው። ደግሞም በዐሥር ዓመት ልዩነት ሁለት የኢኮኖሚ ድቀት መትቶታል። የመጀመሪያው ቀስ እያለ አድቅቆ ለዓመታት አስተኛው። ሁለተኛው በአንድ ቀን መብራቱን አጠፋበት፤ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ተነሣ። ከተማው ያው፣ ሆቴሎቹም ያው ናቸው። የተለየው የሥራ አጥነቱ ዓይነት ነው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነውና። በአሜሪካ በየወሩ «ሥራ አጥነት ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ሲባል፣ አንኢምፕሎይመንት የሚባለውን የሥራ አጥነት መድን ክፍያ የሚቀበሉ ሰዎች ተቆጥረው ይመስለናል። አይደለም። መንግሥት በየወሩ ወደ 60,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ይጠይቃል። ጥያቄው የወሩ 12ኛ ቀን ስለሚውልበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት አንዲት ሰዓት እንኳ ተከፍሎህ ከሠራህ «ሠራተኛ» ነህ። ካልሠራህ፣ ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ ከሆንክና ባለፉት አራት ሳምንታት በተጨባጭ ሥራ ከፈለግህ «ሥራ አጥ» ነህ። ማስታወቂያ ማየት ብቻ እንደ መፈለግ አይቆጠርም፤ ማመልከት፣ መደወል፣ ሄዶ መጠየቅ አለበት። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆነው «ለጊዜው ነው፣ እንጠራሃለን» ተብሎ የተሸኘ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ሥራ ባይፈልግም ሥራ አጥ ተብሎ ይመዘገባል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ 2020 ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ቀሪው ሁሉ፣ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ የተቀመጠውም ጭምር፣ ከሥራ ኃይሉ ውጭ ነው። የዚህን ውጤት በትንሽ ሒሳብ እንየው። መቶ አዋቂዎች ያሉበት ሰፈር አስቡ። 57ቱ ይሠራሉ፣ 3ቱ ይፈልጋሉ፣ 40ው ተማሪ፣ ጡረተኛ ወይም ልጅ አሳዳጊ ናቸው። የሥራ ኃይሉ 60 ሰው ነው፤ ሦስቱ ለስልሳ ሲካፈሉ 5 በመቶ ሥራ አጥነት ይሆናል። ድቀት መጣና 6 ሰዎች ተባረሩ። 51 ሠራተኛ፣ 9 ፈላጊ፤ 15 በመቶ። ከስድስት ወር በኋላ ከዘጠኙ ሦስቱ «ምን አደከመኝ» ብለው መፈለግ ተዉ። የሥራ ኃይሉ 57 ሆነ፣ ፈላጊው 6፤ ወደ 10.5 በመቶ ወረደ። ዜናው «ሥራ አጥነት ቀነሰ» ይላል። በሰፈሩ ግን ሥራ ያገኘ አንድም ሰው የለም።

ለዚህ ነው የጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ይዞ መከራከር የማያዋጣው። በ2009 ጥቅምት የአሜሪካ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ነበር። ተስፋ የቆረጡትና ሙሉ ቀን ፈልገው ግማሽ ቀን የሚሠሩት ሲጨመሩ ግን ወደ 17 በመቶ ደረሰ። ሰዓቱ ከ40 ወደ 16 የተቀነሰበት የሆቴል አስተናጋጅ በመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ ሙሉ ሠራተኛ ነው፤ የቤት ኪራዩ ግን እንዲያ አያውቀውም።

ወደ ዓይነቶቹ እንሂድ። በትምህርት ቤት አራት ተብለው ይዘረዘራሉ። ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። የመሸጋገሪያ ሥራ አጥነት የሚባለው አንዱን ሥራ ለቆ ሌላውን እስኪይዝ ያለው ክፍተት ነው፤ ትምህርት ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን የሚፈልግም እዚህ ይገባል። ወቅታዊው ደግሞ ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ መተማ ላይ የሚበተነው የቀን ሠራተኛ ወይም ክረምት ሲገባ ሥራው የሚቀዘቅዝበት ግንበኛ ነው። ስለ መሸጋገሪያው አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በድቀት ጊዜ ይህኛው ይቀንሳል። ሰው ፈርቶ ሥራውን አይለቅም፤ በ2009 በገዛ ፈቃዱ ሥራ የሚለቀው አሜሪካዊ ከድቀቱ በፊት ከነበረው ወደ ግማሽ ተጠግቶ ነበር። ለወጣቱ ጣጣው እዚህ ነው፤ ከላይ ያለው ካልተንቀሳቀሰ ከታች ያለው መግቢያ ቦታ አያገኝም። ድቀት የተባረረውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተቀጠረውንም ይመታል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀሩት ሁለቱ የዛሬው ዋና ጉዳያችን ናቸው። ዑደታዊው ሥራ አጥነት ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚመጣ ነው፤ ሙያው አለ፣ ሥራው ይፈለጋል፣ ገዢው ግን ለጊዜው ኪሱን ዘግቷል። መዋቅራዊው ሥራው ራሱ ሲነሣ ወይም ሌላ ቦታና ሌላ ሙያ ሲጠይቅ የሚፈጠር ነው። እኔ የምለያቸው በአንዲት ጥያቄ ነው፦ ገበያው ሲሞቅ ወንበሩ ይመለሳል ወይስ ተነሥቷል? የሚመለስ ከሆነ መድኀኒቱ ለሰውየው የመቆያ ገንዘብ፣ ለገበያውም ወጪ ነው። የተነሣ ከሆነ ግን እየጠበቁ ገንዘብ መብላት ችግሩን ያራዝመዋል፤ የሚያስፈልገው ሥልጠና ወይም ጓዝን ጠቅልሎ መሄድ ነው። ተሳስቶ መመርመር በሁለቱም በኩል ያስከፍላል። ወንበሩ የሚመለስለትን ምግብ አብሳይ ለስምንት ወር ኮምፒውተር ማስተማር ብክነት ነው፤ ወንበሩ የተነሣበትን ደግሞ «ታገሥ» ማለት ዕድሜውን መብላት ነው።

አሁን ወደ 2010ው ላስ ቬጋስ። ድቀቱ በይፋ የተጀመረው በ2007 ታኅሣሥ ነው፤ ያበቃው በ2009 ሰኔ። በአገር ደረጃ ወደ 8.7 ሚሊዮን ሥራ ጠፋ። ላስ ቬጋስ የሚገኝባት ግዛት ኔቫዳ ከሁሉም የከፋው ደረሰባት፤ በ2010 ሥራ አጥነቷ ከ13 በመቶ በላይ ሆነ። ምክንያቱ የከተማው ሀብት በሁለት እግር የቆመ መሆኑ ነው፦ እንግዳና ግንባታ። እንግዳው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ግንባታው ግን ወደቀ። ቤት እየተሠራ፣ የተሠራው እየተወደደ፣ ስለተወደደ ደግሞ ሌላ እየተሠራ የነበረበት ዘመን ቆመ፤ የቤት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወረደ። በድቀቱና በማግስቱ በነበሩት ዓመታት በኔቫዳ ከሦስት የግንባታ ሠራተኞች የሁለቱ ያህል ሥራ ጠፋ።

ያኔ በአሜሪካ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶች «ይህ መዋቅራዊ ነው፤ አናጢው ነርስ መሆን አይችልም፤ መንግሥት ገንዘብ ቢረጭ ለውጥ የለውም» አሉ። ይህን ለመመርመር የሚያገለግል ቀላል መሣሪያ አለ፦ የሥራ አጡን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ክፍት የሥራ ቦታውንም አብሮ መቁጠር። ችግሩ መዋቅራዊ ቢሆን ኖሮ አንዱ ዘርፍ ሰው እየለመነ፣ ደመወዝ እየጨመረ፣ ሌላው ሥራ አጥ ይዞ እናይ ነበር። በ2009 አጋማሽ የታየው ሌላ ነው፤ በአንድ ክፍት ቦታ ከስድስት በላይ ሥራ ፈላጊ ነበር፣ ክፍት ቦታውም በሁሉም ዘርፍ ደርቆ ነበር። ስድስት ሰው ለአንድ ወንበር ሲሻማ ስድስቱንም ብታሠለጥናቸው አምስቱ ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ የአገሪቱ ችግር በዋናው ዑደታዊ ነበር ባይ ነኝ። የላስ ቬጋስ ግንባታ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ ትርፉ ቤት መጀመሪያውኑ መሠራት ያልነበረበት ስለሆነ ያ ወንበር በአሮጌው ብዛት ሊመለስ አይችልም ነበር። አንድ ከተማ ውስጥ የሆቴሉ ሠራተኛ በዑደት፣ ግንበኛው በመዋቅር ሥራ አጡ። በስታትስቲክሱ ላይ ሁለቱም አንድ መስመር ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር፦ ድቀቱ በ2009 ሰኔ አበቃ ተባለ፣ ሥራ አጥነቱ ግን ጫፍ የደረሰው በጥቅምት ነው። ቀጣሪ ገበያ ሲመለስለት መጀመሪያ ያሉትን ሠራተኞች ሰዓት ያስረዝማል፣ ቀጥሎ ጊዜያዊ ሰው ይይዛል፣ እርግጠኛ ሲሆን ብቻ በቋሚነት ይቀጥራል። ያ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ቁጠባችሁን ስታሰሉ ድቀቱ አበቃ የተባለበትን ቀን እንደ መድረሻ አትያዙት።

2020 ግን ሌላ ነገር ነው። በመጋቢት አጋማሽ የኔቫዳ ገዥ ካዚኖዎቹ እንዲዘጉ አዘዙ፤ የተከፈቱት ሰኔ 4 ቀን ነው። በሚያዝያ የግዛቲቱ ሥራ አጥነት ወደ 30 በመቶ ደረሰ። በአገር ደረጃ በየካቲት 3.5 በመቶ የነበረው 14.7 በመቶ ሆኖ ታወጀ። ይህን ቁጥር ከ2010 ጋር ብቻውን ያነጻጸረ «ከዚያኛው የባሰ» ብሎ ይደመድማል። ውስጡን ስትከፍቱት ግን በአገሪቱ ከነበሩት 23 ሚሊዮን ሥራ አጦች 18 ሚሊዮን ያህሉ «እንጠራችኋለን» ተብለው የተሸኙ ናቸው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይቺ ናት። ወንበሩ አለ፤ መብራቱ ነው የጠፋው። በሩ ሲከፈት ብዙው ሰው ወደ ነበረበት ስለተመለሰ ሥራ አጥነቱ ከ2010ሩ እጅግ ፈጥኖ ወረደ።

ለነገሩ ቁጥሩ ራሱ ጎዶሎ ነበር። ጠያቂዎቹ ብዙ የተሸኙ ሰዎችን «ሥራ አላቸው፣ ግን በሌላ ምክንያት ከሥራ ገበታ ቀርተዋል» በሚለው ሣጥን አስገቧቸው። የስታትስቲክስ ቢሮው ራሱ ስሕተቱን በግልጽ ጻፈ፤ በትክክል ቢመዘገቡ የሚያዝያው መጠን በአምስት ነጥብ ገደማ ከፍ ይል እንደነበረም ገለጸ። ቁጥሩን ያላረመውም ሆን ብሎ ነው፤ የተጠያቂን መልስ ከኋላ መለወጥ ልማዱ አይደለም።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል መጣ። «ለጊዜው» የተባለው ሁሉ ለጊዜው አልሆነም። በአገር ደረጃ ሥራቸውን ለዘለቄታው ያጡ ሰዎች በየካቲት ወደ 1.3 ሚሊዮን ነበሩ፤ በመስከረም 3.8 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ። ጠቅላላው ቁጥር በየወሩ እየወረደ ይህኛው እየወጣ ነበር። በላስ ቬጋስ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የካዚኖው ወለል ሲከፈት ዲለሩ ተጠራ፣ ምግብ አብሳዩ ተጠራ። የኮንቬንሽን አዳራሽ ሠራተኛ ግን ትልልቅ ጉባኤዎች እስከሚመለሱበት እስከ 2021 ሰኔ መጠበቅ ነበረበት። የቡፌ ሠራተኛው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ያስተምራል። ቡፌ ለካዚኖ በራሱ አትራፊ ሥራ አልነበረም፤ እንግዳ ለመሳቢያ የሚታገሥ ወጪ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ለዓመታት ሊዘጉት እያሰቡ የእንግዳውን ቅሬታ ይፈሩ ነበር። ወረርሽኙ ሰበብ ሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ቡፌዎች ከዚያ ወዲያ አልተከፈቱም። ድቀት የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መዋቅራዊውን ለውጥ አይፈጥረውም፤ ዐሥር ዓመት የሚፈጀውን በሦስት ወር ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ለጊዜው ነው» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ዋናው ጥያቄ ከድቀቱ በፊት ያ ክፍል ያተርፍ ነበር ወይስ እየተታገሡት ነበር የሚለው ነው። ውስጥ የሚሠራ ሰው መልሱን አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል።

የመጠራቱም ጉዳይ ለቀጣሪው በጎ ፈቃድ የሚተው አይደለም። የኔቫዳ ምክር ቤት በ2021 የመመለስ መብት የሚባለውን ሕግ ያወጣው፣ ቀጣሪዎች ነባሩን ሠራተኛ ትተው አዲስና ርካሽ እንዳይቀጥሩ ነው። ማኅበር ያላቸው ሠራተኞች ደግሞ በኅብረት ስምምነታቸው የመጠራት ተራ ነበራቸው።

ዑደታዊው ሥራ አጥነት ሳይታሰብ ወደ መዋቅራዊ የሚለወጥበት ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም መቆየቱ ነው። በ2010 ጸደይ በአሜሪካ ከሥራ አጡ 45 በመቶ ያህሉ ከስድስት ወር በላይ ሥራ ፈትቶ ነበር። ተመራማሪዎች የሐሰት የሥራ ማመልከቻ ለእውነተኛ ቀጣሪዎች በመላክ ፈትነውታል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሥራ ፈትቶ የቆየበት ጊዜ ብቻ ሲለያይ፣ መልስ የማግኘት ዕድሉ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ውስጥ በብርቱ ይወርዳል። የዚሁ ጥናት ሁለተኛ ግኝት ያን ያህል አይወራለትም፦ የአካባቢው ገበያ ራሱ ደካማ በሆነበት ቦታ ቅጣቱ ይቀልላል። ቀጣሪው «በዚህ ዘመን ማን ሥራ አለው» ይላልና። ስለዚህ ክፍተቱ አደገኛ የሚሆነው ገበያው ሞቆ እናንተ ገና ስትጠብቁ ነው። በ2020 መጋቢት ተሸኝቶ በ2021 ክረምት ገና ስልክ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በላስ ቬጋስ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መኪኖች አስቡ። የመጀመሪያው የታክሲ ኩባንያ ነው፤ ነጂው የኩባንያው ተቀጣሪ ነው እንበል። ሁለተኛው የራሱን መኪና በኡበር የሚነዳ ነው። እንግዳው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ገቢው የቀረበትም ቀን ያው ነው። የመጀመሪያው ቀጣሪው በስሙ የሥራ አጥነት መድን ግብር ሲከፍል ስለኖረ በቀጥታ ያመለክታል። ሁለተኛው በሕግ ዓይን የራሱ አለቃ ነው፤ በስሙ የተከፈለ የለም፣ በተለመደው ጊዜ አንድ ዶላር አያገኝም። በ2020 ብቻ ኮንግረሱ ለእነዚህ ለየት ያለ ፕሮግራም አወጣ፤ እሱም በ2021 መስከረም አበቃ። በሚቀጥለው ድቀት እንደዚያ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ መቁጠር አይገባም፤ በኡበር የሚሠራ ሰው የመድኑን ቦታ በራሱ ቁጠባ መተካት አለበት።

ተቀጣሪው ጋ ደግሞ የሚያበላሹ ጥቂት ነገሮች አሉ። መድኑ የሚሰላው ከቅርቡ ደመወዝ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አምስት ያለቁ ሩብ ዓመቶች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ይወሰዳሉ፤ ማለት የቅርቡ ሦስት ወር ገቢ ላይቆጠር ይችላል። ቲፕ የሚቆጠረው ለቀጣሪው ካሳወቃችሁት ብቻ ነው። ቲፑን ግብር ፈርቶ የደበቀ ዲለር ሥራ ሲያጣ ባሳወቀው ገቢ ልክ ብቻ ይታሰብለታል፤ ያኔ «በእጄ ስንት እቀበል ነበር» ቢል የሚሰማው የለም። ማመልከቻው ሥራው ባቆመበት ሳምንት ይግባ፤ ክፍያው የሚጀምረው ከተባረሩበት ሳይሆን ካመለከቱበት ሳምንት ነው። በየሳምንቱ ማረጋገጫውን መሙላትም ግዴታ ነው፤ አንድ ሳምንት የዘለለ ክፍያው ይቆምበታል። ጥቂት ሰዓት ከሠራችሁ ደመወዙን በተቀበላችሁበት ሳይሆን በሠራችሁበት ሳምንት ጻፉት። «ተከፍሎሃል፣ መልስ» ከሚሉት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ስሕተት ነው። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ይግባኝ አለ፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፣ ለምሳሌ በሜሪላንድ 15 ቀን። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ጠረጴዛ ላይ ማኖር መብትን መተው ነው።

ጥያቄ የሚበዛው አገር ቤት ስላሉ ወንድም እህቶች ስለሆነ ጥቂት ልበል። በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህ ድቀት ሲመጣ ቁጥሩ ብዙም ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ያለ ገቢ ቁጭ ብሎ ሥራ መፈለግ የሚችለው ደጋፊ ያለው ሰው ነው። ሌላው በማግስቱ ጀብሎ ይይዛል፣ ሊስትሮ ይሆናል፣ ዘመድ ሱቅ ገብቶ ያግዛል። በመለኪያው እሱ «ሠራተኛ» ነው። እዚያ የድቀት ጉዳት የሚታየው ከሥራ አጥነት ይልቅ በሥራ ሰዓትና በገቢ መመናመን ላይ ነው።

የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምርመራችን ጥሩ ፈተና ነው። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድሉን ከ2022 ጥር 1 ጀምሮ ስታነሣ ብዙ ልብስ ሰፊዎች ሥራ አጡ። ዑደታዊ ነው ወይስ መዋቅራዊ? በአሜሪካ ሸሚዝ የሚገዛ ሰው አልጠፋም፤ ስለዚህ ዑደት አይደለም። የሠራተኞቹም ሙያ አላረጀም። የተነሣው የዋጋ ብልጫው ነው፣ ትእዛዙም ወደ ሌላ አገር ሄደ። ገበያ እስኪሞቅ መጠበቅ እዚህ ትርጉም የለውም፤ ወይ ሕጉ ይመለሳል፣ ወይ ሌላ ገዢ ይገኛል፣ ወይ ሙያው ለአገር ውስጥ ገበያ ይዞራል።

መድን ባይኖርም ሕጉ ባዶ እጅ አይሸኝም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በሠራተኛ ቅነሳ የተሰናበተ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳያልፍ። በቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በወር 6,000 ብር የሚከፈላትና ሦስት ዓመት የሠራች ልጅ ብትቀነስ፦ 6,000 ለመጀመሪያው ዓመት፣ 2,000 እና 2,000 ለቀጣዮቹ ሁለት፣ 12,000 ደግሞ ለ60ው ቀን፤ ድምሩ 22,000 ብር። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ክፍያም አለ። አሠሪዋ «ገበያ የለም፣ ለወደፊቱ እንዲመቸን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚ» ቢላትና ብትፈርም ግን፣ አገልግሎቷ አምስት ዓመት ስላልሞላ፣ ከ22,000ው ብር አንዱም አይደርሳትም።